ስለ ነፍስና ስለ አእምሮ ምን እናንብብ?

ደጋን ላይ ስናስተምር፣ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ተይዘው ከተመለሱ በኋላ፣ ማለትም በ2014 አጋማሽ፣ የክፍላችን የቆርቆሮ በር በነፋስ በተመታ ቁጥር ከወንበሩ ብድግ የሚል ተማሪ ነበረን። ጎበዝ ልጅ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ደብተሩ ባዶ ሆነ። ቤተሰቡ «ጂን ነክቶታል» ብለው ሩቅያ አስቀሩለት፣ ወዳጃም ተደረገለት። እኛ የእስልምና ጥናት ተመርቀን የወጣን ሰዎች ለእናቱ የምትጠቅም አንዲት ቃል መናገር አቃተን። ስለ ሐላልና ሐራም ብንጠየቅ እንመልስ ነበር፤ ስለተደናገጠ ልብ ግን አላነበብንም። ከዚያ በኋላ ፈልገን ያገኘናቸውን ኪታቦችና መጻሕፍት ነው ለውድ አንባቢያን የምናቀርበው።

መጀመሪያ የምንመክረው የኢማም አቡ ሐሚድ አል-ገዛሊን (1058–1111 እ.ኤ.አ.) «አል-ሙንቂዝ ሚነድ-ደላል» ነው። ቀጭን ኪታብ ነው፤ በሁለትና በሦስት ሌሊት ያልቃል። ገዛሊ በባግዳድ ኒዛሚያ መድረሳ በዘመኑ ከሁሉ የላቁ መምህር ሳሉ፣ በ488 ዓመተ ሂጅራ ምላሳቸው ተሳሰረ። ደረሶቻቸውን ለማስደሰት አንድ ቀን እንኳ ለማስተማር ይታገሉ ነበር፤ ቃል ግን አልወጣ አላቸው። ሐዘኑ ወደ ሆዳቸው ወርዶ ምግብና መጠጥ አልዋጥ አለ። ሐኪሞቹ መርምረው ነገሩ ከልብ ተነስቶ ወደ ሰውነት የተዛመተ ነው፣ ልብ ካልተረጋጋ መድኃኒቱ አይሠራም ብለው እጅ ሰጡ። ይህን የጻፉት ሌላ ሰው ሳይሆን ራሳቸው ናቸው። በወሎ «ኢሕያእ» የሚለውን ስም ያልሰማ ደረሳ ማግኘት ይከብዳል፤ ሆኖም «ኢማን ያለው ሰው አይጨነቅም» እያልን የታመመውን የምናሸማቅቀው እኛው ነን። ሑጀተል ኢስላም ያልናቸው ሰው የደረሰባቸው ነገር በጎረቤታችን ላይ ሲደርስ ለምን የኢማን ጉድለት እናደርገዋለን?

ከዚያው ሳንወጣ፣ ከ«ኢሕያእ» 40 ክፍሎች ውስጥ 21ኛው «ዐጃኢቡል ቀልብ» ይባላል። ገዛሊ እዚህ ላይ ቀልብ፣ ሩሕ፣ ነፍስና ዐቅል የሚሉትን አራት ቃላት አንድ በአንድ ይለያሉ፤ ልብን እንደ ንጉሥ፣ የአካል ክፍሎችን እንደ ሠራዊቱ አድርገው ያስረዳሉ። አማርኛችን «ቀልቡን ሳተ»፣ «ቀልቤ አልወደደውም» ስለሚል ለኛ ሰው ይህ ክፍል ባዕድ አይሆንበትም። ክብደት ግን አለው፤ ብቻን ከመታገል ኡስታዝ ጋር ተቀምጦ መቅራቱ ይሻላል።

ብዙዎቻችን የማናውቃቸው፣ እኛም ዘግይተን ያወቅናቸው፣ አቡ ዘይድ አል-በልኺ (850–934 እ.ኤ.አ.) ናቸው። ዛሬ አፍጋኒስታን በምንላት አገር፣ በበልኽ አካባቢ ተወለዱ። «መሷሊሑል አብዳን ወል-አንፉስ» የተባለው ኪታባቸው ከስሙ እንደምንረዳው ለአካልና ለነፍስ የተጻፈ ነው። የዘመናቸው ሐኪሞች በአካል ላይ ብቻ አተኩረው ነፍስን ትተዋታል ብለው ይወቅሳሉ። ቁጣን፣ ፍርሃትን፣ ሐዘንንና ወስዋስን እያንዳንዱን ለብቻ ያዩታል። ሐዘንንም ለሁለት ይከፍሉታል፤ ምክንያቱ የታወቀ፣ ለምሳሌ ሰው ሞቶበት ወይም ንብረት ጠፍቶበት ያዘነ አንድ ነው፤ ምክንያቱ የማይታወቅ፣ ከአካል የሚነሳ ደግሞ ሌላ ነው፤ ለዚህኛው የአካል ሕክምናም ያስፈልገዋል ይላሉ። ሰው ለድንገተኛ ሕመም መድኃኒት ቤቱ እንደሚያስቀምጥ፣ ልቡ በተረጋጋበት ጊዜ መልካም ሐሳቦችን ለጭንቅ ቀን እንዲያከማችም ይመክራሉ። ስለ ድንጋጤ ሲጽፉ ዐይንና ጆሮ የሚያስፈራቸውን ነገር ደጋግመው እንዲለምዱት ማድረግን ያነሳሉ። ይህን ስናነብ ትዝ ያለን ያ የቆርቆሮ በር ነው። ይሁንና ከጦርነት የወጣን ልጅ ኪታብ አይተን በራሳችን «እናለማምደው» ማለት ሊጎዳው ይችላል፤ የባለሙያ ሥራ ነው።

የኪታቡን የነፍስ ክፍል ወደ እንግሊዝኛ የመለሱት ሱዳናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፕሮፌሰር ማሊክ በድሪ ናቸው፤ በ2013 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በድሪ በ1975 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ላይ ባደረጉት ንግግር፣ የምዕራቡን የሥነ ልቦና ትምህርት ሳያላምጡ የሚውጡ ሙስሊም ባለሙያዎችን እንሽላሊት ጉድጓድ ውስጥ የገቡ ብለው ተችተዋል፤ ምሳሌው ከታወቀው ሐዲስ የተወሰደ ነው። ንግግሩ አድጎ በ1979 መጽሐፍ ሆነ። ተፈኩርን በተመለከተም የጻፉት አለ። ሕክምናውን ጣሉት አላሉም፤ እሳቸው ራሳቸው ሲያክሙ የኖሩ ናቸው። በ2021 አረፉ፣ አላህ ይዘንላቸው።

የኢብኑል ቀዪም (1292–1350 እ.ኤ.አ.) «አድ-ዳእ ወድ-ደዋእ»ም መነበብ አለበት። ሽው ብሎ ያለፈ ሐሳብ እንዴት ምኞት፣ ምኞቱ ቁርጥ ውሳኔ፣ ውሳኔው ድርጊት፣ ድርጊቱም ልማድ እንደሚሆን ያሳያል። ስልኩን ማስቀመጥ ያቃተው ወጣት ቢያነበው ስለሱ የተጻፈ ይመስለዋል።

ሙስሊም ካልሆኑት የቪየናውን የአእምሮ ሐኪም ቪክቶር ፍራንክልን እንመርጣለን። በናዚ ካምፖች፣ አውሽዊትዝን ጨምሮ፣ ታስሮ የተረፈ አይሁዳዊ ነው። በ1946 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ሰው በመከራ ውስጥ የሚኖርለት ትርጉም ሲያገኝ ምን እንደሚችል ይተርካል። «ከእነሱ ምን እንማራለን?» ለሚል፣ በልኺም የግሪኮቹን ሕክምና አንብበዋል። በአማርኛ ደግሞ የአእምሮ ሐኪሙ የዶክተር ምሕረት ደበበ «የተቆለፈበት ቁልፍ» ልብ ወለድ በመሆኑ ለጀማሪ አይከብድም።

መናኸሪያ ላይ የሚዞሩትን «በሰባት ቀን ሕይወትህን ቀይር» ዓይነት መጻሕፍት አልዘረዘርንም። ሁሉም ከንቱ ናቸው አንልም፤ ነገር ግን የታመመ ሰው አንብቦ ሳይለወጥ ሲቀር ጥፋቱን በራሱ ላይ ያደርጋል።

ማንበብ የማይበቃበት ጊዜም አለ። እንቅልፍና ምግብ ለሳምንታት የራቀው፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ፣ ስለ መሞት የሚያወራ ሰው ኪታብ ሳይሆን ሐኪም ያስፈልገዋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንድንታከም አዘዋል። ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ነበር፤ ዛሬ ግን ደሴም ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ሩቅያው አይቋረጥ፣ መድኃኒቱም አይቋረጥ። የተማሪያችን እናት በኋላ ያደረገችው ይህንኑ ነበር፤ ጠዋት ደሴ ወስዳው ማታ ቁርኣን ትቀራበት ነበር።

ዐረብኛ የሚቀራ ከ«ሙንቂዝ» ይጀምር፣ ቀጥሎ በልኺን ያንብብ። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያነብ የበድሪን ትርጉም ያስቀድም። ሁለቱም የሚከብደው ኡስታዙን «ዐጃኢቡል ቀልብ»ን ከመግሪብ እስከ ዒሻ እንዲያቀራው ይጠይቅ፤ በሳምንት አንድ ማታ ይበቃል።