የአዳር ፍጆታ፦ ቆሞ ያደረ መኪና ባትሪ ለምን ይወርዳል?

በጀሞ ወይም በጎፋ ኮንዶሚኒየም ግቢ ማታ በደህና የቆመ መኪና ጠዋት ቁልፉ ሲዞር ጠቅ ጠቅ ብሎ ዝም ካለ፣ ዙሪያውን የሚሰማው ፍርድ አንድ ነው፤ «ባትሪው ሞቷል»። ኬብል ይፈለጋል፣ ከጎረቤት መኪና ይነሳል፣ ካልሆነም ይገፋል። ነገሩ ሲደጋገም አዲስ ባትሪ ይገዛል። ባትሪውን ሌሊቱን ሙሉ ምን ሲበላው እንዳደረ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው፤ ለዚህም አንዱ ምክንያት ጥፋቱ በአማርኛ የታወቀ ስም ስለሌለው ይመስለኛል። በእንግሊዝኛ «ፓራሲቲክ ድሮው» ይሉታል፤ ሞተር ጠፍቶ፣ ቁልፍ ወጥቶ፣ በር ተቆልፎ ሳለ ከባትሪው የሚወጣው ኤሌክትሪክ ነው። «ጥገኛ ፍጆታ» ማለት ይቻል ነበር። ሰዓቱ፣ አላርሙና የሞተሩ ኮምፒውተር ሌሊት የሚወስዷት ትንሽ ኤሌክትሪክ ግን ተገቢ ድርሻቸው ናት፤ ጥገኛ ሊባሉ አይገባም። ስለዚህ «የአዳር ፍጆታ» የሚለውን እመርጣለሁ። ጤነኛ የአዳር ፍጆታ አለ፣ ከልክ ያለፈም አለ፤ ምርመራው ሁለቱን መለየት ነው።

መለያው ቁጥር ነው። የአብዛኞቹ ጤነኛ መኪኖች የአዳር ፍጆታ ከ20 እስከ 50 ሚሊ አምፔር ነው። 45 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በ50 ሚሊ አምፔር ቢበላ ግማሹ ለማለቅ ከ18 ቀን በላይ ይፈጃል። የዕቃ መጫኛው ባለ 5 ዋት አምፖል ክዳኑ በደንብ ባለመገጠሙ ሳይጠፋ ቢቀር ግን ፍጆታው ወደ 0.4 አምፔር ይዘላል፤ ያው ግማሽ በሁለት ቀን ከሩብ ገደማ ያልቃል። ዓርብ ማታ የቆመ መኪና ሰኞ ጠዋት እምቢ የሚለው ለዚህ ነው። ማንም ያላየው አንድ አምፖል በቂ ነው።

«የአዲስ አበባ ብርድ ነው» የሚል መልስ ይሰማል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ እንደሚበርድ እውነት ነው፤ ባትሪም በብርድ ይደክማል። ነገር ግን ውሃ በሚረጋበት ዜሮ ዲግሪ እንኳ ደህና ባትሪ ከጉልበቱ አብዛኛው አብሮት ይቆያል፤ የእኛ ሌሊት ደግሞ ዘወትር ከዚያ የሞቀ ነው። ብርዱ አስቀድሞ የተበላውን ባትሪ ያጋልጣል እንጂ ብቻውን ደህናውን አይጥልም። «ባትሪው አርጅቶ ነው» የሚለው የበለጠ ክብደት አለው፤ ባትሪ በእርግጥ ያረጃል። ግን እርጅናውን ምን አፋጠነው? በእርሳስና በአሲድ የሚሠራ ባትሪ ግማሽ ድረስ ወርዶ ሲቆይ ሳህኖቹ ላይ ሰልፌት ይጋገራል፣ የመያዝ አቅሙም እየቀነሰ ይሄዳል። አዳር በአዳር የሚበላ ባትሪ ያለ ዕድሜው ያረጃል፤ በቦታው የሚገባው አዲሱም ያው ዕጣ ይጠብቀዋል። ከመግዛት በፊት መለካት ይቀድማል የምለው ለዚህ ነው።

ልኬቱ መልቲሜትርና ትዕግሥት ይጠይቃል። መጀመሪያ ኮፈኑ ይከፈታል፣ በሮቹ ይዘጋሉ፣ ቁልፉ ይወጣል። የባትሪው ኔጌቲቭ ኬብል ተፈቶ፣ 10 አምፔር ላይ የተደረገው መልቲሜትር በኬብሉና በባትሪው ጫፍ መካከል ይገባል። በዚህ ጊዜ ሞተር ለማስነሳት መሞከር የመልቲሜትሩን ፊውዝ ያቃጥላል። የሚነበበው የመጀመሪያ ቁጥር ትልቅ ቢሆን አያስደንግጥ፤ የመኪናው ኮምፒውተሮች እስኪተኙ 30 ደቂቃ፣ በአንዳንዱም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ሳይጠብቁ ለክተው ጤነኛውን ይከስሳሉ። ቁጥሩ ከቆየ በኋላም ካልወረደ ፊውዞቹ አንድ በአንድ ይነቀላሉ፤ የቱ ሲነቀል ቁጥሩ ዝቅ እንዳለ ታይቶ በዚያ መስመር ያለው ዕቃ ይፈተሻል። ሁሉም ተነቅለው ለውጥ ከሌለ ዲናሞው ይጠርጠር፤ በውስጡ ያለ ዳዮድ ሲበላሽ ኤሌክትሪክ ወደ ኋላ ያፈስሳል፣ ወፍራም ኬብሉም ብዙ ጊዜ በእነዚያ ትንንሽ ፊውዞች አያልፍም።

«ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ማታ ማታ ኬብሉን መፍታት ይበቃል» የሚል ይኖራል። ለወር ለሚቆም መኪና ጥሩ መላ ነው። በየቀኑ ሲሆን ግን አላርሙ ከሥራ ውጭ ይሆናል፣ ኬብሉ የሚያርፍበት ጫፍ እየላላ ይሄዳል፣ ጥፋቱም እንደተደበቀ ይቀራል። ጠዋት ለአምስት ደቂቃ ሞተር ማስነሳትም አያድንም፤ የወረደ ባትሪ ለመሙላት ሰዓታት ይፈልጋል።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በእጅ ያሉትን ማቆየት ግድ ሆኗል። በእነዚህ ላይ በኋላ የተጨመሩት ራዲዮ፣ አላርም፣ ጂፒኤስና ካሜራ ከፋብሪካው ገመድ ይልቅ ቀድመው መፈተሽ አለባቸው፤ ገጣሚው ለፈጣን ሥራ ሲል ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ካለበት ገመድ ላይ ቀጥሎ ከሆነ ዕቃው ቁልፍ ወጥቶም አይተኛም። የኤሌክትሪክ መኪና የገዛም ከዚህ ነፃ አይደለም፤ ትልቁ ባትሪ ሞልቶ እንኳ ትንሿ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ከወረደች መኪናው አይበራም። ስለዚህ ካሜራ ወይም ራዲዮ ሲገጠም ገጣሚውን «ቁልፍ ሲወጣ ይጠፋል?» ብሎ መጠየቅ፣ ሒሳብ ከመክፈልም በፊት የአዳር ፍጆታውን አስለክቶ ቁጥሩን መጻፍ ይገባል።