ተደራራቢ አድልዎ በሥራ ቦታ፦ የሠራተኛው መብትና የሠራተኛ ማኅበር ድርሻ

ተደራራቢ አድልዎ ማለት አንድ ሠራተኛ ከአንድ በላይ በሆኑ ምክንያቶች፣ ለምሳሌ በፆታ፣ በአካል ጉዳት፣ በብሔር ወይም በማኅበራዊ ደረጃ የተነሣ በአንድ ጊዜ የሚደርስበት መገለል ወይም በደል ነው። አንዱ ምክንያት ሌላውን ስለሚያከብደው ጉዳቱ ተነጣጥሎ ሲታይ በሚገባ አይታወቅም። ከገጠር መጥታ በኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በልብስ ስፌት የተቀጠረችን ወጣት እንውሰድ። ደመወዟ ከቤት ኪራይና ከምግብ የሚተርፍ አይደለም፤ ከሌሊት ፈረቃ የምትመለሰው በጨለማ ነው፤ ከአለቃዋ ጋር በአንድ ቋንቋ ላይግባቡ ይችላሉ። ትንኮሳ ሲደርስባት ዝም የምትለው መብቷን ስላላወቀች ብቻ ሳይሆን፣ የአንድ ወር ደመወዝ ከቀረባት ማደሪያዋንም ስለምታጣ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው በብሔር፣ በፆታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት፣ በኤች አይ ቪ ኤድስ፣ በአካል ጉዳት ወይም በሌላ ሁኔታ በሠራተኞች መካከል ልዩነት እንዳያደርግ ይከለክላል። በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳና ጥቃት መፈጸምም የተከለከለ ነው። በአሠሪው ወይም በሥራ መሪው ይህን መሰል ድርጊት የተፈጸመበት ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን ለቅቆ የሥራ ስንብት ክፍያና ካሣ መጠየቅ ይችላል። በዚህ መብት መጠቀም የሚቻለው ግን በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ነው። ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30 ቀን፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ አላት።

የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ደግሞ መደራረቡን በግልጽ የሚጠራ ሕግ ነው። አሠሪው ሴት አካል ጉዳተኞች በፆታቸውና በአካል ጉዳታቸው የሚደርስባቸውን ድርብ ጫና ከግምት አስገብቶ ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲያደርግ፣ ከወሲባዊ ጥቃትም እንዲጠብቃቸው ያስገድዳል። በአካል ጉዳት ምክንያት አድልዎ ተፈጽሟል በሚባልበት ጊዜ የማስረዳት ሸክሙን ወደ አሠሪው የሚያዞር ድንጋጌም አለው። ስለዚህ አቤቱታ አቅራቢዋ «ሴት በመሆኔ» ብላ ብቻ ካመለከተች ይህ ሕግ የሚሰጣትን ጥበቃ ሳትጠቀምበት ልትቀር ትችላለች። የደረሰው ሁሉ፣ ምክንያቶቹም ሁሉ በአንድ ማመልከቻ ላይ ቢጻፉ ይመረጣል።

ብቻውን የሚያመለክት ሠራተኛ በቀላሉ ይገፋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ሠራተኞች በማኅበር የመደራጀት መብት እንዳላቸው፣ ሴት ሠራተኞችም ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ እንደሚገባቸው ይደነግጋል። 10 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይቻላል፤ ቁጥራቸው ከዚህ ያነሰ ሠራተኞች አጠቃላይ ማኅበር ሊመሠርቱ ይችላሉ። የማኅበር አባል መሆን፣ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረብ ወይም እርግዝና ከሥራ ለማሰናበት ሕጋዊ ምክንያት አይሆኑም።

ማኅበር መኖሩ ግን በራሱ አይበቃም። አብዛኞቹ ሠራተኞች ሴቶች በሆኑበት ድርጅት አመራሩ በሙሉ ወንድ ከሆነ የሌሊት ሰርቪስ፣ የጡት ማጥቢያ ጊዜና የትንኮሳ ጉዳይ ከድርድሩ አጀንዳ ውጭ ሆነው ይቀራሉ። የደመወዝ ጥያቄ ሲነሣ ሁሉም አብሮ ይቆማል፤ የአንዲት ጽዳት ሠራተኛ አቤቱታ ሲነሣ ግን «የግል ጉዳይ ነው» የሚል መልስ መስማት እንግዳ አይደለም። እነዚህ ጉዳዮች በኅብረት ስምምነት ውስጥ ከገቡ ሠራተኛዋ በየጊዜው ብቻዋን የምትለምነው ነገር መሆናቸው ይቀራል።

አቤቱታ ያለው ሠራተኛ በአካባቢው ለሚገኘው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይችላል። ከሥራ መሰናበትን የመሳሰለ የግል የሥራ ክርክር የሚቀርበው ለመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ሲሆን፣ የሠራተኞችን የጋራ ጥቅም የሚነካ የወል ክርክር ወደ አስማሚና ወደ ወሳኝ ቦርድ ይሄዳል። ሠራተኛው የአገልግሎት ክፍያ አይጠየቅም። ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ጥያቄ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር፣ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ከአሠሪው ጋር በሽማግሌ መነጋገር ይህን ጊዜ ያቆመዋል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው፤ ብዙ ባለ ጉዳዮች መብታቸውን የሚያጡት በዚሁ ነው። የቅጥር ውል፣ የደመወዝ ማስረጃ፣ የደረሱ መልእክቶችና የምስክሮች ስም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይያዙ።

በመኖሪያ ቤት የሚሠሩ የቤት ሠራተኞች በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አይሸፈኑም። አዋጁ የእነርሱ የሥራ ሁኔታ በደንብ እንዲወሰን የተወው ሲሆን፣ ከአሠሪ ጋር አብረው ለሚኖሩት የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ጥቂት ድንጋጌዎች አሉት። ድህነት፣ ፆታ፣ ዕድሜና ከቤተሰብ መራቅ በአንድነት የሚያገኟቸው እነዚህ ሠራተኞች ድብደባ፣ አስገድዶ መድፈር ወይም ሌላ የወንጀል ድርጊት ሲፈጸምባቸው የወንጀል ሕጉ እንደማንኛውም ሰው ይጠብቃቸዋል፤ በአቅራቢያቸው ለሚገኘው ፖሊስ ጣቢያ ያመለክታሉ። ያልተከፈላቸውን ደመወዝ ለማስከፈል ደግሞ በፍትሐ ብሔር ክስ ማቅረብ ይችላሉ።