የደረስጌ ቅበላ፦ ጾም በአዋጅ አይገባም

የካቲት 5 ቀን 1847 ዓ.ም. እሑድ ነበር። በማግስቱ ሰኞ ዐቢይ ጾም ይገባል። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ሰው ቆጥሮ ሊያረጋግጠው ይችላል፤ የዚያ ዓመት መባጃ ሐመር 22 ነው። ጾመ ነነዌ ጥር 22 ገባች፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 6፣ ፋሲካ ደግሞ ሚያዝያ 1 ዋለ። ስለዚህ ያ እሑድ የቅበላ መጨረሻ ነበር፤ ነገ ሥጋና ቅቤ የለም፣ ዛሬ የተገኘው ይበላል።

በዚያች የቅበላ እሑድ፣ በሰሜን ተራሮች መካከል፣ ዛሬ ጃናሞራ በሚባለው ወረዳ ባለችው ደረስጌ ማርያም፣ የቋራው ካሣ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ ተባሉ። ከሁለት ቀን በፊት የሰሜንና የትግራይ ገዥ የነበሩትን ደጃዝማች ውቤን እዚያው ደረስጌ ላይ ድል አድርገው ማርከዋል። ቤተ ክርስቲያኗን ያሠሩት ራሳቸው ውቤ ናቸው፤ ሊነግሡባት ያዘጋጇት እንደነበረ ይነገራል።

የዘመነ መሳፍንት መጨረሻ ተብሎ በየትምህርት ቤቱ የሚነገረው ይህ ታሪክ ነው። ከሥሩ ግን ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ታሪክ አለ። ያንን ዐቢይ ጾም በእግር ብረት ሆነው የጾሙ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ነበሩ። ስማቸው አባ ገብረ ሚካኤል ነው። የታሰሩት ካቶሊክ በመሆናቸው ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከውቤ ነው። በ1841 እ.ኤ.አ. ውቤ ከእስክንድርያ ጳጳስ ለማስመጣት መልእክተኞች ላኩ። ከመልእክተኞቹ ጋር እንዲሄዱ የጠየቋቸው ሰው ጣልያናዊው የላዛሪስት ሚሲዮናዊ ጀስቲን ደ ያቆቢስ ነበሩ፤ አገሬው በኋላ አቡነ ያዕቆብ ብሎ ጠርቷቸዋል። እሳቸውም ልዑካኑ ወደ ሮም ጭምር እንዲሻገሩ ጠይቀው እሺ አሉ። አባ ገብረ ሚካኤል ከልዑካኑ አንዱ ነበሩ። የጎጃም ሰው ናቸው፣ በመርጡለ ማርያም አካባቢ የተወለዱ፣ አንድ ዓይናቸው የጠፋ፣ በጊዜው የነበረውን የሃይማኖት ክርክር መልስ ፍለጋ ከገዳም ገዳም የዞሩ ሊቅ። ካይሮን አዩ፣ ሮም ገብተው ከጳጳሱ ከጎርጎርዮስ 16ኛ ፊት ቆሙ፣ ኢየሩሳሌም ተሳለሙ። በ1844 እ.ኤ.አ. ካቶሊክ ሆኑ።

ከእስክንድርያ የመጡት ጳጳስ አቡነ ሰላማ ናቸው። ነገሩን የሚያከብደውም ይህ ነው፤ ጳጳሱን ሊያመጡ ከሄዱት አንዱ በኋላ በዚያው ጳጳስ ፊት ታስረው ቀረቡ።

አቡነ ሰላማ ለምን ያን ያህል ጨከኑ? ዝም ብሎ ክፉ ሰው ነበሩ ማለት ታሪክን ማቅለል ነው። ፍርሃቱ ከ200 ዓመት በፊት የተዘራ ነው።

በ1603 እ.ኤ.አ. ትግራይ የገቡት ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ ግዕዝና አማርኛ ተምረው፣ በትዕግሥት ተከራክረው ዐፄ ሱስንዮስን አሳመኑ። ንጉሡ በ1622 እ.ኤ.አ. ካቶሊክነታቸውን በይፋ ገለጡ፤ ፓኤዝም በዚያው ዓመት ሞቱ። ቀጥለው የመጡት ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ግን ትዕግሥት አልነበራቸውም። ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና ክህነት ይቀበሉ፣ ቅዳሴው በሮም ሥርዓት ይሁን፣ በዓላቱና አጽዋማቱ በሮም አቆጣጠር ይዋሉ ተባለ።

እዚህ ላይ ጾሙ ወሳኝ ነው። ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የሚደረገውን ክርክር ገበሬው ላይከታተለው ይችላል፤ ረቡዕን እንደሚጾም ግን ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው ነገር ነው። የሮም ልማድ ዓርብና ቅዳሜ ነበር። እናም አዲሱ ሃይማኖት ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ወደ ጓዳ ገባ፤ ድስቱ መቼ በቅቤ መቼ በዘይት እንደሚሠራ ሊያዝ መጣ። ዐመፁ ከየአቅጣጫው ሲነሣ ንጉሡ መጠነኛ ማሻሻያ ፈቀዱ፤ የቀድሞው ቅዳሴ ታርሞ እንዲቀደስ፣ በቅዳሜ ፈንታ ረቡዕ እንዲጾም የሚል ይገኝበታል። ግን ጊዜው አልፎ ነበር። በ1632 እ.ኤ.አ. ወይና ደጋ ላይ የንጉሡ ጦር የላስታን ዐመፀኞች ድል ሲያደርግ ሜዳው ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ የገዛ አገራቸው ገበሬዎች ወድቀው ቀሩ። በዚያው ወር ሱስንዮስ የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐወጁ፤ ዙፋኑም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ተላለፈ። ኢየሱሳውያኑ ከአገር ተባረሩ።

የአቡነ ሰላማ ዘመን ሰው «ካቶሊክ» የሚለውን ቃል ሲሰማ የሚያስታውሰው ይህን ደም ነው። የእነ ሜንዴዝ ጥድፊያ ዕዳ ከ220 ዓመት በኋላ በአንድ ዓይና መነኩሴ እግር ላይ ብረት ሆኖ ታሰረ።

የሚያሳዝነው ደግሞ አቡነ ያዕቆብ የሜንዴዝ ተቃራኒ መሆናቸው ነው። የአገሩን ልብስ ለበሱ፣ የአገሩን ምግብ በሉ፣ አማርኛና ግዕዝ ተማሩ፣ የአገሩን ሰዎች በግዕዝ ሥርዓት ካህናት አድርገው አሠለጠኑ። አባ ገብረ ሚካኤልንም በ1851 እ.ኤ.አ. ቅስና የሾሟቸው እሳቸው ናቸው። ሃይማኖትን የሚያዝ ንጉሥ አልፈለጉም፤ ከሕዝቡ ጋር የሚጾም ካህን ፈለጉ። በ1854 እ.ኤ.አ. ጎንደር ላይ ሁለቱም ታሰሩ። አቡነ ያዕቆብ ከአገር እንዲወጡ ተደረገ፤ በ1860 እ.ኤ.አ. ዐርፈው ዛሬ ኤርትራ ውስጥ በምትገኘው ሄቦ ተቀበሩ። አባ ገብረ ሚካኤል ተገርፈው፣ በሰንሰለት ታስረው ከዘመቻው ሠራዊት ጋር ተጎተቱ፤ ነሐሴ 1847 ዓ.ም. እንደታሰሩ መንገድ ላይ ሞቱ። ሮም በ1926 እ.ኤ.አ. ብፁዕ፣ መምህራቸውን ደግሞ በ1975 እ.ኤ.አ. ቅዱስ ብላ ሰየመች።

ዛሬስ?

በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከመቶ ኢትዮጵያዊ ካቶሊክ የሆነው አንድ እንኳ አይሞላም፤ 0.7 በመቶ ነው። በአማራ ክልል ጥቂት ናቸው፤ የባሕር ዳር-ደሴ ሀገረ ስብከታቸውም የተቋቋመው በጥር 2007 ዓ.ም. ነው። እነዚህ የግዕዝ ሥርዓት ካቶሊኮች ቅዳሴያቸው በግዕዝ ነው፤ ዘመን አቆጣጠራቸው የኢትዮጵያ ነው፤ ሑዳዴያቸው በዘወረደ ጀምሮ በሆሣዕና በኩል ፋሲካ ይደርሳል። የካቶሊኳ እናት ከቅበላ በኋላ የምታደርገው ኦርቶዶክሷ ጎረቤቷ የምታደርገውን ነው፤ የፍስኩን ድስት ፈትጋ ታጥባለች፣ ሽሮ ታስፈጫለች፣ ሱፍና ተልባ ታዘጋጃለች። ሜንዴዝ በአዋጅ ያላገኘውን የጾም አንድነት ጓዳው ቀስ ብሎ አመጣው።

ይህን ማስታወስ የሚያስፈልገው ዛሬም አዋጁ ስላልቀረ ነው። አሁን የሚታወጀው ከደረስጌ ወይም ከደንቀዝ አይደለም፤ ከስልክ ነው። ቅበላ ሲደርስ የሥጋ ቤቱ ወረፋ ይቀረጻል፤ በማግስቱ «መልካም ጾም» ይለጠፋል፤ በሦስተኛው ቀን ማን በትክክል ጾመ፣ የማን ጾም ጾም አይደለም በሚል ስድብ ይጀመራል። ሰው የሌላውን ድስት ለመክፈት እንደገና ተነሥቷል። ምግብ ቤቱም የጾም በርገርና የጾም ኬክ ያቀርባል፤ ከሥጋ ተከልክሎ ምኞትን አለመከልከል ይቻላል። ካቶሊኩም ኦርቶዶክሱም በዚህ እኩል ተፈታኝ ነው።

ሊማሊሞ ላይ ቆሞ ላሰበው ሰው ደግሞ ጥያቄው ይከብዳል። የጎንደር ነጋዴና መንገደኛ በበቅሎ ወደ ትግራይና ምጽዋ ይወርድበት የነበረው ይህ ገደል፣ በኋላ ጣልያን መኪና መንገድ የጠረበበት፣ በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ጦርነት ደረሰበት፤ በዳባት ወረዳ ጭና ላይ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። ዳባት አጠገብ ዓለም ዋጭ ደግሞ የኤርትራ ስደተኞች ተጠልለዋል፤ አቡነ ያዕቆብ ከተቀበሩባት አገር የመጡ ሰዎች ናቸው። በእነዚህ ተራሮች ሥር ጾም ሳይገባ የሚጾም ሰው አለ።

ጾም ከምጽዋት ተለይቶ እንደማይቆም ሁለቱም አብያተ ክርስቲያናት ያስተምራሉ። ከሥጋው የተረፈው ገንዘብ የት ሄደ? ሑዳዴ በገባ ቁጥር ሊጠየቅ የሚገባው ይህ ነው፤ የጎረቤት ድስት ውስጥ ያለው አይደለም። የጎረቤትን ድስት መክፈት ሱስንዮስን ዙፋን አሳጥቷል፤ አባ ገብረ ሚካኤልንም ሕይወት አስከፍሏል።