የፖሊስ አባላት የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ ናሙና አያያዝ

የናሙና አያያዝ የፖሊስ አባል አደንዛዥ ዕፅ መውሰዱን ለማጣራት የተሰበሰበ ሽንት፣ ደም ወይም ምራቅ ከተወሰደበት ሰዓት አንሥቶ ውጤቱ እስኪታወቅ የሚጠበቅበት ሥርዓት ነው። እንደ ድሬዳዋ ባለ ከተማ ይህ ሥርዓት ተጨማሪ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ አንዱ ምክንያት ጫት ነው። ጫት በኢትዮጵያ በሕግ ያልተከለከለ ቅጠል ሲሆን በውስጡ ያለው ካቲኖን ግን እ.ኤ.አ. በ1971ዱ የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ነው። ካቲኖን የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ስለሆነ ፈጣኑ የማጣሪያ ምርመራ ሁለቱን ሊያምታታ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ውጤት ይበልጥ ትክክለኛ በሆነው የላቦራቶሪ ምርመራ፣ በማስ ስፔክትሮሜትሪ፣ ሳይረጋገጥ አባሉን ጥፋተኛ ማለት አይገባም።

የአየሩ ሙቀት ሌላው ፈተና ነው። በአሜሪካ የሥራ ቦታ ምርመራ ሽንት በተሰጠ በ4 ደቂቃ ውስጥ ሙቀቱ ይለካል፤ ከ32 እስከ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልሆነ ተቀይሯል ተብሎ ይጠረጠራል። በድሬዳዋ ቀትር አየሩ ራሱ ወደዚህ ልክ ስለሚጠጋ ከውጭ የገባ ሽንትም ሊያልፍ ይችላል። ናሙናው ፀሐይ ላይ ከቆየ ደግሞ ካቲኖኑ ይፈርሳል፤ የበረዶ ሣጥን ግዴታ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ናሙናውን በሁለት ጠርሙስ መክፈል፣ ማኅተምና የርክክብ ፊርማ ወጪ ያበዛሉ የሚሉ አሉ። ወጪው እውነት ነው፤ ግን ሁለተኛው ጠርሙስ ከሌለ የተከሰሰው አባል ውጤቱን የሚሞግትበት መንገድ የለውም። ምርመራው ክብር ይነካል ለሚሉትም የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የሰውን አካል ከዘፈቀደ ፍተሻ ይጠብቃል፤ ፖሊስም ሰው ነው። ማኅተሙ የተነካ ናሙና በማንም ላይ ማስረጃ ሊሆን አይገባም።