ቅበላ የወለደው ጣፋጭ

ቦምቦሊኖ ከሻይ ጋር የሚያወራርድ የአዲስ አበባ ሰው ስለ ምግቡ ታሪክ የሚጨነቅበት ምክንያት የለውም። ይሁንና የዚህን በዘይት የተጠበሰ ሊጥ ዘመዶች ፍለጋ ብንወጣ፣ ከስሙ ባለቤት ከጣሊያኑ ቦምቦሎኔ ተነሥተን ወደ ኦስትሪያና ጀርመን ክራፕፈን፣ ከዚያም ወደ ፖላንድ ፖንችኪ እንደርሳለን። የእነዚህን ጣፋጮች ታሪክ የሚያስተሳስረው ነገር ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ቅበላ ነው።

በመካከለኛው ዘመን የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ምእመን በዐቢይ ጾም ከሥጋ ብቻ ሳይሆን ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላልም ይከለከል ነበር። እንግዲህ ባለቤቲቱ በጓዳዋ የተረፈውን እንቁላል፣ ቅቤና የአሳማ ስብ ጾሙ ሳይገባ መጨረስ አለባት። ዘዴው ቀላል ነበር፤ ዱቄቱን በእንቁላል ለውሶ በስብ መጥበስ። ፖላንዶች "የስብ ሐሙስ" በሚሉት ቀን የሚበሉት ፖንችኪም ሆነ እንግሊዞች በጾሙ ዋዜማ ማክሰኞ የሚጋግሩት ፓንኬክ የዚሁ ልማድ ውጤት ነው።

ሠዓሊው ፒተር ብሩገል እ.ኤ.አ. በ1559 በሣለው "የካርኒቫልና የጾም ውጊያ" በተሰኘው ሥዕሉ ሁለቱን ወገኖች ፊት ለፊት አቁሟቸዋል። በካርኒቫል በኩል ሥጋና ዋፍል፣ በጾም በኩል ዓሣና ፕሬዝል ይታያሉ። ፕሬዝል ያለ ቅቤና ያለ እንቁላል ሊሠራ ስለሚችል የጾም ምግብ ነበርና።

ሕጉ ግን ለሁሉም እኩል አልከበደም። ወይራ የሚያበቅለው የደቡብ ሰው ዘይት ነበረው፤ የሰሜኑ ሰው ያለ ቅቤ ማብሰል ይቸግረዋል። ስለዚህ ገንዘብ እየከፈለ በጾም ቅቤ የመብላት ፈቃድ ያገኝ ጀመር። በፈረንሳይዋ ሩዋን ከተማ ካቴድራል በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተጀመረው ግንብ እስከ ዛሬ "የቅቤ ግንብ" የሚባለው በዚህ ገንዘብ ተሠራ ስለሚባል ነው።

ከዘመናት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1966፣ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ ባወጡት ደንብ የካቶሊኮች የግዴታ ጾም በዓመት ወደ ሁለት ቀን ወረደ። ጣፋጩ ግን በየዓመቱ ወቅቱን ጠብቆ ይጠበሳል። ጾሙ ላላ፤ ቅበላው ጸና።

የእኛው ቦምቦሊኖ ጉዳይ የተገላቢጦሽ ነው። ባለሙያዎቻችን እንቁላሉንና ወተቱን ትተው በዱቄት፣ በእርሾ፣ በስኳር፣ በቁንጥር ጨውና ለብ ባለ ውሃ ብቻ ያቦኩታል። ሊጡ ኩፍ ብሎ እጥፍ እስኪሆን ይቆያል፤ ከተድቦለቦለ በኋላም ጥቂት ማረፍ አለበት። የዘይቱ ግለት ከበዛ ላዩ ያርና ውስጡ ጥሬ ይቀራል፤ ካነሰ ደግሞ ሊጡ ዘይት ይጠጣል።

እንቁላልና ቅቤ ለመጨረስ የታሰበው ምግብ እንዲህ ሆኖ እንቁላልና ቅቤ በማይበላበት ወቅት የሻይ ማጣጫ ሆነ። እዚያም እዚህም ምግቡን ከጾሙ ጋር ያስማማችው ጓዳዋን የምታውቅ ሴት ናት።