በ32 ዓመቱ የተሸጠው ሰው

ገበሬ በሬውን ለገበያ ከማውጣቱ በፊት ጥርሱን ያያል። ገዢውም ያያል። ሁለቱም የሚቆጥሩት ያንኑ ጥርስ ነው፤ ነገር ግን አንዱ «ገና ሦስት ክረምት ያርሳል» ሲል ሌላው «ለካራ የደረሰ ነው» ይላል። የኳስ ክለቦችም ያረጀ ኮከባቸውን ሲመለከቱ ከዚህ ብዙም አይርቁም። እናቆየው ወይስ እንሽጠው? በየዶርሙና በየሻይ ቤቱ ስለ ዛሬዎቹ ተጫዋቾች ስንሟገት ጉሮሯችን እስኪነቃ የምንጮኸው በዚሁ ነው። እኔ ግን የዛሬውን ትቼ መጨረሻው የታወቀ አንድ የቆየ ታሪክ ላነሣ ፈለግሁ። የዛሬው ክርክር ትንቢት ነው፤ የትናንቱ ግን መዝገቡ ተዘግቷልና ማን እንደ ከሰረ ቆጥሮ ማየት ይቻላል።

ሰውየው ስታንሊ ማቲውስ ይባላል። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ነው።) ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1915 በእንግሊዝ አገር በስቶክ ኦን ትሬንት ተወለደ። ከተማይቱ የሸክላ ሠሪዎች አገር ናት፤ የእንግሊዝ ሳህንና የሻይ ስኒ የሚሠራው እዚያ ነበር። አባቱ ጸጉር አስተካካይ ነው፤ ቦክሰኛም ነበር። ልጁን ገና በጠዋቱ ቀስቅሶ የሰውነት ማጎልመሻ ያሠራው ነበር። ማቲውስ ልክ 17 ዓመት በሞላው ቀን ለስቶክ ሲቲ በሙያተኛነት ፈረመ። ቦታው ቀኝ ክንፍ፣ ሥራው አብዶ። ኳሷን ይዞ ተከላካዩ ፊት ይቆማል፤ ወደ ግራ የሚሄድ መስሎ ትከሻውን ይጥላል፤ ተከላካዩ ሲያጋድል በቀኝ በኩል ሽው ይላል። ዘዴው አንድ ነው፤ አገር ሁሉ ያውቀዋል፤ የሚይዘው ግን የለም።

የመጀመሪያው ጠብ የተነሣው በ1938 ነው። ማቲውስ ከክለቡ ጋር አልስማማ ብሎ ልልቀቅ ሲል ጠየቀ። ወሬው ከተማው ውስጥ ሲሰማ ሕዝቡ ስብሰባ ጠራ። ከ3,000 በላይ ሰው አዳራሹን ሞላው፤ ወደ ሺህ የሚጠጋ ደግሞ ውጭ ቆሞ ቀረ። ለአንድ ኳስ ተጫዋች! ሕዝቡ «አይሄድም» አለ፤ እርሱም ቀረ። ይኸን ቁጥር አንባቢ በአእምሮው ይያዝልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ጦርነቱ መጣ። ማቲውስ በእንግሊዝ አየር ኃይል ተመዝግቦ ብላክፑል በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ አጠገብ ተመደበ። ኋላም እዚያው ሆቴል ከፍቶ ኑሮውን መሠረተ። ይኸ በስቶኩ አሠልጣኝ በቦብ ማክግሮሪ ዓይን ጥሩ ነገር አልነበረም። ኮከቡ በሌላ ከተማ ይኖራል፤ ልምምዱንም አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው ይሠራል። ይኸ ምን ዓይነት ሥርዓት ነው? በ1946 የበልግ ወራት ማቲውስ ተጎድቶ ሰንብቶ ሲመለስ ማክግሮሪ «እስቲ መጀመሪያ ከሁለተኛው ቡድን ጋር ተጫወት» አለው። በቦታው ጆርጅ ማውንትፎርድ የሚባል ተጫዋች ገብቶ ደኅና ይጫወት ነበር፤ ቡድኑም ያሸንፍ ነበር። ለእውነት እንናገር ከተባለ ማክግሮሪ ያለ ነገር አልተነሣም። አሸናፊ ቡድን አይነካም የሚለው ሕግ ዛሬም አለ፤ ማውንትፎርድም ቢሆን የሰው ልጅ ነው፣ ተራውን ይጠብቃል። ማቲውስ ግን ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን የሚሰለፍ ሰው ነውና እንደ ውርደት ቆጠረው። ነገሩ ወደ ጋዜጣ ወጣ፣ ታረቁ ተባለ፣ ዕርቁም የውሸት ሆነ።

ከዚያ የሆነውን ልብ በሉ። በዚያ ዓመት የእንግሊዝ ክረምት እጅግ ከባድ ስለ ነበረ ብዙ ጨዋታ ተራዝሞ ሊጉ እስከ ጁን ወር አጋማሽ ዘለቀ። ስቶክ ሲቲ በታሪኩ አይቶት የማያውቀውን የሊግ ዋንጫ ሊወስድ ተቃርቧል። እንግዲህ በዚህ ሰዓት፣ ጥቂት ጨዋታዎች ብቻ ሲቀሩ፣ ሜይ 10 ቀን 1947 ክለቡ ማቲውስን ለብላክፑል በ11,500 ፓውንድ ሸጠው። ያን ዕለት ማቲውስ ግላስጎው ውስጥ ለታላቋ ብሪታንያ ቡድን ተሰልፎ ከቀረው አውሮጳ ምርጦች ጋር እየተጫወተ ነበር። ከ130 ሺህ በላይ ተመልካች ባለበት 6 ለ 1 አሸነፉ። አውሮጳን ያስጨነቀ እግር ባንድ በኩል፣ «32 ዓመት ሞልቶታል፣ ዋጋ ሳይወድቅ እንሽጠው» የሚል ቢሮ በሌላ በኩል። የመጨረሻው ጨዋታ ሼፊልድ ላይ ሆነ። ስቶክ ቢያሸንፍ ዋንጫው የእርሱ ነበር፤ 2 ለ 1 ተሸነፈ። ሊቨርፑል በ57 ነጥብ ሻምፒዮን፣ ስቶክ በ55 ነጥብ አራተኛ። ማቲውስ ቢኖር ያሸንፉ ነበር ወይ? ይኸን የሚያውቅ የለም። ባለ 11,500 ፓውንዱ መዝገብም አይነግረንም።

ከዚህ ላይ ስለ ሕጉ ትንሽ ማለት ግድ ነው፤ አለዚያ የማቲውስ ነገር የአንድ ኩሩ ሰው ኩርፊያ ብቻ ይመስላል። በዚያ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ የኳስ ተጫዋች ደመወዝ ጣራ ነበረው። በ1947 ከፍተኛው በሳምንት 12 ፓውንድ ነው። ማቲውስ ይሁን ማውንትፎርድ፣ ከጣራው በላይ አይወጣም። የተጫዋቹ ውል ቢያልቅ እንኳ ክለቡ ካልፈቀደ ሌላ ዘንድ መሄድ አይችልም፤ ስሙ በክለቡ መዝገብ ታስሮ ይቀራል። ክለቡ ሲሸጠው ደግሞ ሕጉ ለተጫዋቹ የሚፈቅደው የፊርማ ገንዘብ 10 ፓውንድ ብቻ ነበር። እንግዲህ ሒሳቡን ሥሩት፦ 11,500 ለሻጩ፣ 10 ለተሸጠው። ጭሰኛ ባለበት አገር ታሪክ ያነበበ ሰው ይኸን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የደመወዙ ጣራ የፈረሰው በ1961 ነው፤ ውሉ ያለቀበትን ተጫዋች አስሮ ማስቀረቱን ደግሞ ፍርድ ቤት በ1963 ሕገ ወጥ ነው አለው፤ ከሳሹ ጆርጅ ኢስትሃም የተባለ ተጫዋች ነበር። ይኸንን ስም ያዙልኝ፤ ጉድ እኮ ነው፣ እርሱም ወደ ስቶክ ይመጣል።

ወደ ዕድሜው እንመለስ። የብላክፑል አሠልጣኝ ጆ ስሚዝ ማቲውስን ሲቀበለው የጠየቀው አንድ ጥያቄ ነበር ይባላል፤ 32 ዓመትህ ነው፣ ሁለት ዓመት ያህል ትገፋለህ ወይ የሚል። ማቲውስ በብላክፑል የተጫወተው 14 ዓመት ነው።

እንዴት? ተአምር አይደለም። አይጠጣም፣ አያጨስም። ጎሕ ሲቀድ ባሕሩ ዳር ወጥቶ ይሮጣል። ሰኞ ሰኞ ምግብ አይቀምስም፤ የእኛ አገር ሰው ቢሆን የሃይማኖት ሥርዓት ይመስለን ነበር፣ እርሱ ግን ቅዳሜ የደከመ ሰውነቱን ለማሳረፍ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የአጨዋወቱ ነገር አለ። ሜዳውን ሁሉ የሚያካልል ተጫዋች ሳንባው ሲደክም ሥራው ያልቃል። የማቲውስ ሥራ ግን የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ርምጃዎች ናቸው፤ ቆሞ ይጠብቃል፣ ያታልላል፣ በአንድ ፍንጠራ ያልፋል። እነዚያን ርምጃዎች በየማለዳው አሸዋ ላይ ሲጠብቃቸው ኖረ። በርሱ ላይ የሠራው ሒሳብ ስለ ሌላው ክንፍ ተጫዋች ሁሉ ይሠራል አልልም። በበኩሌ ግን የማክግሮሪ ትልቁ ስሕተት እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ የልደት ወረቀቱን አይቶ ሰውየውን አላየውም። ይኸ ደግሞ ከጠቡ የመጣ ነው። የተጣሉት ሰው ቶሎ ያረጃል። ማቲውስ ታዛዥ ቢሆን ኖሮ 32 ዓመቱ «ልምድ» ይባል ነበር፤ አልታዘዝ ሲል ግን «ዕድሜ» ተባለ።

ብላክፑል ሄዶ በ1948 የእንግሊዝ የዓመቱ ኮከብ ተጫዋች ተባለ፤ ሽልማቱ ሲሰጥ የመጀመሪያው ነበር። በ1948 እና በ1951 ለኤፍ ኤ ዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ ሁለቱንም ተሸነፈ። በሦስተኛው፣ ሜይ 2 ቀን 1953፣ ዌምብሌይ ላይ ቦልተን 3 ለ 1 ሲመራ አበቃለት ተባለ። 38 ዓመቱ ነው። ከዚያ በቀኝ ክንፍ መገስገስ ጀመረ። ፊት ለፊቱ ያለው ተከላካይ እግሩ ተሸማቆ ያነክስ ነበር፤ ማቲውስ ይኸን አይቶ አልራራለትም። ብላክፑል 4 ለ 3 አሸነፈ። ሦስቱን ጎል ያገባው ስታን ሞርተንሰን፣ የመጨረሻውንም ቢል ፔሪ ነው፤ አገሩ ግን እስከ ዛሬ «የማቲውስ ፍጻሜ» ይለዋል። ሞርተንሰን በፍጻሜ ሦስት ጎል አግብቶ ጨዋታው በሌላ ሰው ስም ሲጠራ ምን ተሰምቶት ይሆን?

በዚያው በ1953 የጸደይ ወራት ስቶክ ሲቲ ወደ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ወረደ። ማክግሮሪ ግን ይኸን በወንበሩ ላይ ሆኖ አላየውም፤ ከአንድ ዓመት በፊት ለቅቋል።

በ1956 የአውሮጳ የወርቅ ኳስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ የወሰደው የ41 ዓመቱ ማቲውስ ነው፤ ዲ ስቴፋኖ ሁለተኛ ወጣ። ለእንግሊዝ የመጨረሻውን ጨዋታ በ1957 በ42 ዓመቱ ተጫወተ። በ1961 ግን ብላክፑልም በተራው ጥርሱን ቆጠረ። 46 ዓመት ነውና አልፈርድባቸውም። ገዢ ሆኖ የመጣው ማን መሰላችሁ? ስቶክ ሲቲ! አሠልጣኙ ቶኒ ዋዲንግተን በሁለተኛው ዲቪዚዮን ታች ይዳክራል፤ ሜዳው ባዶ ነው፤ ወደ 8 ሺህ ሰው ብቻ ይገባል። ማቲውስ በተመለሰበት በኦክቶበር ወር በመጀመሪያው ጨዋታ 35 ሺህ የሚያልፍ ሰው ገባ፤ ስቶክም ሃደርስፊልድን 3 ለ 0 አሸነፈ። የተገዛበት ዋጋ በአንድ ቀን የበር ገቢ ተከፈለ ብንል ማጋነን አይሆንም። በ1938 አዳራሽ ውጭ ቆመው «አይሄድም» ያሉት ሰዎችና ልጆቻቸው፣ ቦርዱ በ14 ዓመት ያልገባውን ያውቁት ነበር። በ1963 ስቶክ የሁለተኛ ዲቪዚዮን ሻምፒዮን ሆኖ ወደ ላይ ወጣ። ማቲውስ ያንኑ ድል ከ30 ዓመት በፊት በ1933 ከዚሁ ክለብ ጋር ቀምሶታል። ለሁለተኛ ጊዜም የዓመቱ ኮከብ ተባለ።

ዋዲንግተን ከዚህ በኋላ ያረጁ ተጫዋቾችን መሰብሰብ ልማዱ ሆነ። ከእነዚህ አንዱ በ1966 የመጣው፣ ፍርድ ቤት የሄደው ጆርጅ ኢስትሃም ነው። ስቶክ የመጀመሪያውን ትልቅ ዋንጫ፣ የሊግ ካፑን፣ በ1972 ከቼልሲ ሲወስድ የማሸነፊያዋን ጎል ያገባው እርሱ ነው፤ በ35 ዓመቱ። ማቲውስ ደግሞ በ1965 መጀመሪያ ገና እየተጫወተ ሳለ የሰርነት ማዕረግ ተቀበለ። በፌብሩዋሪ 6 ቀን፣ 50 ዓመት ከ5 ቀን ሲሆነው፣ የመጨረሻውን የሊግ ጨዋታ ተጫወተ። ኋላ ላይ ሲናገር ቸኩዬ አቆምሁ ነው ያለው።

ይኸ የድሮ ሕግ ነገር ነው፣ ዛሬ ተጫዋቹ ነጻ ነው የሚል ካለ ሌላ ሰው ላሳየው። ማቲውስ ከመሸጡ 15 ቀን ቀደም ብሎ፣ ኤፕሪል 25 ቀን 1947፣ አምስተርዳም ውስጥ ዮሐን ክራይፍ ተወለደ። ክራይፍ በ1981 መጨረሻ ወደ ልጅነት ክለቡ ወደ አያክስ ተመለሰ፤ ክፍያውም ከተለመደው በላይ በሚገባው ተመልካች ልክ የሚሰላ ነበር። በ1982 እና በ1983 ሊጉን ወሰዱ። ከዚያ የክለቡ ሊቀ መንበር ቶን ሐርምሰን በቃ አለ፤ 36 ዓመት፣ ገንዘቡም በዛ። እዚህ ግን ስሙን አስሮ የሚያስቀር መዝገብ አልነበረም። ክራይፍ ቀጥ ብሎ ወደ ባላንጣው ክለብ ወደ ፌይኖርድ ሄደ። በሴፕቴምበር 1983 አያክስ ፌይኖርድን 8 ለ 2 ቀጠቀጠው፤ በዚያን ቀን የሐርምሰንን ፊት ማየት ነበር። አንበሳ ሲያረጅ የዝንብ መጫወቻ ይሆናል የተባለው ደረሰ። ዓመቱ ሲያልቅ ግን ፌይኖርድ ከ1974 ወዲህ አጥቶት የነበረውን የሊግ ድል ከአገሪቱ ዋንጫ ጋር ጨምሮ ወሰደ፤ ክራይፍም የዓመቱ ኮከብ ተባለ። ከዚያ በ37 ዓመቱ በገዛ ፈቃዱ ጫማውን ሰቀለ።

በ1985 አያክስ አሠልጣኝ አስፈልጎት ሲፈልግ የጠራው ክራይፍን ነው። ሊቀ መንበሩ ያው ሐርምሰን ነበር። በ1987 የአውሮጳን የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ አመጣለት፤ በጃንዋሪ 1988 ደግሞ እንደገና ተጣልተው ለቀቀ። በዚህ ጊዜ ስለ ዕድሜው ያነሣ ሰው አልነበረም።