ወረቀት ያወጡት ክርስቲያኖች

አውሬልዮስ ዲዮጋኖስ የሚባል የ72 ዓመት ሽማግሌ ነበር፤ ቀኝ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለበት። ይህን ያወቅነው ታሪክ ጸሐፊ ስለ ጻፈለት አይደለም። ሰውዬው ራሱ በ250 ዓ.ም. (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በግብፅ፣ በፋዩም፣ ለመንደሩ የመሥዋዕት ተቆጣጣሪዎች ያቀረበው ማመልከቻ ስለ ተገኘ ነው። ከዱሮም ጀምሮ ለአማልክት ሲሠዋ እንደ ኖረ፣ አሁንም በፊታቸው እንደ ሠዋ፣ ከመሥዋዕቱም እንደ ቀመሰ ይገልጽና እንዲፈርሙለት ይለምናል። ጠባሳው ለመለያ የተጻፈ ነው፤ በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ የለ! እንዲህ ያለ ፓፒረስ እስከ ዛሬ ከ40 በላይ ተገኝቷል።

ዴክዮስ በ249 ዓ.ም. የሮም ንጉሠ ነገሥት ሲሆን መንግሥቱ በጠረፍ ጦርነትና በሥልጣን ሽኩቻ ተናግቶ ነበር። መድኃኒቱ አማልክትን ማስታረቅ መሰለውና ሕዝቡ ሁሉ እንዲሠዋ አዘዘ። የሠዋም ወረቀቱን ያወጣል። ዲዮጋኖስ ክርስቲያን ይሁን አይሁን ማመልከቻው አይናገርም፤ አዋጁ አረማዊውንም ይመለከት ነበርና። እንዲያውም ከተገኙት ወረቀቶች አንዱን ያወጣችው የጣዖት ካህን የሆነች ሴት ናት። ለክርስቲያኑ ግን ያቺ ቁራጭ ወረቀት ክህደት ነበረች።

የቤተ ክርስቲያንን ታሪክ ስንማር የምንማረው ስለ ሰማዕታቱ ነው። እውነት ነው፣ የሮሙ ጳጳስ ፋብያኖስ በ250 ዓ.ም. መጀመሪያ በዚሁ ስደት ሞቷል። ነገር ግን በካርቴጅ (የዛሬዋ ቱኒስ አጠገብ ያለችው ጥንታዊ ከተማ ናት) የነበረው ጳጳስ ቆጵርያኖስ የጻፈውን ያነበበ ሰው ያፍራል። ሳይያዙ፣ ሳይጠየቁ፣ በገዛ እግራቸው ወደ መሠዊያው የሮጡ ነበሩ ይላል። መሽቷልና ነገ ኑ ሲባሉ እባካችሁ ዛሬውኑ ብለው የለመኑም ነበሩ! ሌሎቹ ደግሞ ሳይሠዉ ለሹም ጉቦ ሰጥተው ወረቀቱን ብቻ ገዙ። እጃችን አልረከሰም ባዮች ናቸው እነዚህ።

ዴክዮስ በ251 ዓ.ም. በጦርነት ሞተ። ታዲያ እነዚያ ሰዎች ተመልሰው የቤተ ክርስቲያኑን በር ሲያንኳኩ ምን ይደረግ?

ይህን ታሪክ ማንበብ የጀመርኩት በአንድ የዶርም ክርክር ምክንያት ነው። ከጸሎት ጉባኤያችን ወጥቶ ሁለት ዓመት ያህል ሲያላግጥብን የከረመ ልጅ አንድ ማታ መጥቶ ከኋላ ተቀመጠ። ከሄደ በኋላ እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተከራከርን። እኔ አጥብቀው ከያዙት ወገን ነበርኩ፤ «እንዲያው ዘው ብሎ አይገባም» ብያለሁ። የጥንቶቹ ክርስቲያኖች ከእኔ ጋር የሚቆሙ መስሎኝ ነበር።

ከእኔ ጋር የቆመ አልጠፋም። ኖቫትያኖስ የሚባል በሮም የነበረ የተማረ ካህን፣ የካደን ሰው እግዚአብሔር ይቅር ይበለው እንጂ ቤተ ክርስቲያን መልሳ ልትቀበለው አትችልም አለ። በ251 ዓ.ም. ቆርኔሌዎስ ጳጳስ ሆኖ ሲመረጥ እርሱም በበኩሉ ተቃዋሚ ጳጳስ ሆኖ ተሾመ። ተከታዮቹ ራሳቸውን ንጹሓን አሉ። ማኅበራቸውም ከመቶ ዓመታት በላይ ቆየ። በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች እንኳ ስለ እነርሱ ቀኖና ማውጣት ግድ ሆኖባቸዋል።

በካርቴጅ ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። ታስረውና ተገርፈው ያልካዱት ለወደቁት የይቅርታ ደብዳቤ ይሰጡ ጀመር። እገሌ ከነቤተ ሰቡ ይግባ የሚል ጅምላ ደብዳቤ ሁሉ ነበር፤ ቤተ ሰቡ አምስት ይሁን ሃያ ማን ቆጥሮት! ቆጵርያኖስ ይህን አልወደደም። ግን ምን አፍ አለው? እርሱ ራሱ ስደቱ ሲጀመር ሸሽቶ ተደብቋል። መንጋዬን ለመጠበቅ ነው ቢልም፣ ከሮም ካህናት የመጣ ደብዳቤ በጎቹን ጥሎ ስለሚሄድ እረኛ በነገር ጠቅ አድርጎታል። የሸሸው ሰው በወደቀው ላይ ሊፈርድ ነው።

በእኔ አስተያየት ሰውዬውን ያበሰለው ይኸው ኀፍረት ሳይሆን አይቀርም። በ251 ዓ.ም. የአፍሪካ ጳጳሳት በካርቴጅ ተሰብስበው የእያንዳንዱ ሰው ጉዳይ ለብቻው ይታይ አሉ። ቆጵርያኖስም ምክንያቱን ሲጽፍ፣ ሚስቱንና ልጆቹን ጎትቶ ያሠዋውን ሰው፣ ቤተ ሰቡን ለማዳን ብቻውን ገብቶ ከወደቀው ሰው ጋር እንዴት አንድ እናደርጋለን ይላል። የሁለተኛው ሰው ቤት ለተሰደዱ ወንድሞች መጠለያ ሆኖ ነበርና። ወረቀት ብቻ የገዙት ተመርምረው እንዲገቡ ተወሰነ፤ የሠዉት ግን ንስሐ ገብተው በሞት አፋፍ እንዲቀበሏቸው። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ስደት ሲያሰጋ ንስሐ ላይ ለነበሩት ሁሉ በሩ ተከፈተ።

በዚያ ዘመን ከተጻፉት ደብዳቤዎች አንዱን ሴሌሪኖስ የሚባል ሰው ከሮም ልኮታል። እርሱ ታስሮ አልካደም። የሚለምነው ግን ስለ ወደቁ ሁለት እኅቶቹ ነው። ከካርቴጅ ተሰደው የመጡ 65 ሰዎችን ወደብ ድረስ ሄደው ተቀብለው እየተንከባከቡ እንደ ሆነም ይገልጻል። ይህን ሳነብ ያ ማታ ትዝ አለኝ። እኔ እኮ ስለ እምነቴ አንድ ቀን እንኳ ታስሬ አላውቅም።

አንድ ታሪክ ልጨምር። የእስክንድርያው ጳጳስ ዲዮናስዮስ የጻፈው ነው፤ አውሳብዮስ በታሪኩ አቆይቶልናል። ሰራፕዮን የሚባል ሽማግሌ ነበር። ዕድሜውን በደህና ኖሮ በስደቱ ጊዜ ሠዋ። ይቅር በሉኝ ብሎ ደጋግሞ ቢለምን የሰማው የለም። ታሞ ሦስት ቀን አንደበቱ ተዘጋ፤ በአራተኛው ቀን ነቃ ሲል የልጅ ልጁን ጠርቶ ቄስ አምጣልኝ አለው። ሌሊት ነበር። ልጁ ሮጦ ሲደርስ ቄሱም ታሞ ተኝቷል፣ መነሣት አይችልም። ነገር ግን በሞት አፋፍ ያለ ሰው ከለመነ እንዳይከለከል ዲዮናስዮስ አስቀድሞ አዝዞ ስለ ነበር፣ ቄሱ ከቅዱስ ቁርባኑ ጥቂት ቆርሶ ለልጁ ሰጠው፤ አርሰህ አፉ ላይ ጣልለት አለው። ሽማግሌው ልጁ ገና ሳይገባ ነቅቶ ነበር፤ መጣህ ልጄ፣ በል ቶሎ አድርግና አሰናብተኝ አለው። ልጁ አርሶ አጎረሰው። ሰራፕዮንም ዋጥ እንዳደረገ ነፍሱ ወጣች።